ሐረር ብሎ ለጻፈ፣ ሀረር ብሎ ለፈለገ፦ ስለ ፍለጋ ሰርቨር ነባሪ ቅንብሮች

(በድሬዳዋ፣ በትምህርት ቤት፣ በቤተ መጻሕፍትና በመዝገብ ቤት የኮምፒውተር ሥራ ለሚሠሩ ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር። ከጥቂት የአነጋገር እርማት በቀር እንደተነገረ ተጽፏል።)

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አመሻችሁ! ከሐረር በደንገጎ ቁልቁለት ወርዳችሁ የመጣችሁ፣ ከሐሮማያም የመጣችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የድሬዎቹማ ቤታችሁ ነው።

ዛሬ የምናገረው ስለ ፍለጋ ሰርቨር፣ ሰነዶችን በማውጫ ይዞ ለፈላጊ ስለሚያቀርበው ፕሮግራም፣ ነባሪ ቅንብር ነው፤ በየቀኑ «ዲፎልት» ስለምንለው። እስቲ ልጠይቃችሁ። ከመፈለጊያው ሳጥን አጠገብ «የላቀ ፍለጋ» የምትለውን ተጭኖ ምርጫዎቹን የሚለውጥ ተጠቃሚ አይታችኋል? የለም ማለት ይቻላል። ተማሪዋ ቃሏን ትጽፋለች፣ ትጫናለች፤ ካላገኘች «የለም» ብላ ትሄዳለች። የለም የተባለው መጽሐፍ ግን መደርደሪያው ላይ ቁጭ ብሏል። እናንተ አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጣችሁ የጻፋችሁት ቅንብር ለዚያች ልጅ የመጨረሻ ፍርድ ነው። ይግባኝ የላትም።

እናንተም በተራችሁ ተጠቃሚ ናችሁ። ሰርቨሩን የሠሩት ሰዎች የተዉላችሁ ነባሪ አለ፤ በጥንቃቄም የታሰበ ነው። የታሰበው ግን ብዙ ማሽን ላለው፣ መብራት ለማይጠፋበት፣ በላቲን ፊደል ለሚጽፍ፣ ዓመቱ 12 ወር ለሆነ ሰው ነው። የእኛ ዓመት 13 ወር ነው። ይህች አንዲት ወር ሰነድ እንደምታስጠፋ ኋላ አሳያችኋለሁ።

ስለዚህ በእያንዳንዱ ቅንብር ፊት ቆማችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህን ከዛሬ በኋላ ማንም ተመልሶ ባያየው ማን ይጎዳል? ያቋቋመው ልጅ ሥራ ይለቅቃል፣ የይለፍ ቃሉ የተጻፈበት ደብተር ይጠፋል፣ ሰርቨሩ ግን ጥግ ላይ ሆኖ ለዓመታት ይሠራል። የዛሬውን ሁሉ በዚህ ጥያቄ እንመዝነዋለን።

ስለ የትኛው ሰርቨር እንደማወራ ልንገራችሁና እንጀምር። ምሳሌዬ ኢላስቲክሰርች ነው፤ ከሥሩ ሉሲን የሚባለው፣ የፍለጋውን ዋና ሥራ የሚሠራው የፕሮግራም ስብስብ አለ። ኦፕንሰርች የሚባለው በ2021 እ.ኤ.አ. ከእሱ የተገነጠለ ስለሆነ አብዛኛው ለእሱም ይሠራል። ማሽናችን አንድ ነው እንበል፤ 8 ጊጋባይት ራም፣ 240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ፣ በውስጡ ጥቂት አሥር ሺህ ሰነዶች። በዚህ አካባቢ የምታገኙት ማሽን ይኸው ነው፤ ይበቃልም።

አንደኛው ነጥብ፣ በሩና ማሽኑ። ይህን ቶሎ ልለፈው።

የኔትወርክ ሆስት የሚባለው ቅንብር ነባሪው ራሱን ማሽኑን ብቻ ማዳመጥ ነው። ይህን ነባሪ አትንኩት! ከ8ኛው ቨርዥን ወዲህ ግን ሲጫን ራሱ የሚጽፈው ቅንብር 9200 የሚባለውን የሰርቨሩን በር ለሁሉም ይከፍታልና፣ ኤችቲቲፒ ሆስት የሚለውን መስመር ወደ ራሱ ማሽን መልሱት። ብዙ ሰው ከሌላ ኮምፒውተር አልገናኝ ሲለው መጀመሪያ የሚያደርገው የኔትወርክ ሆስቱን አራት ዜሮ አድርጎ ለሁሉም መክፈት ነው። በ9200 ፖርት የተከፈተ ሰርቨር ዓለም ሁሉ ያየዋል። በጃንዋሪ 2017 እ.ኤ.አ. ክፍት የተተዉ ሰርቨሮች በጅምላ ተደምስሰው የገንዘብ መጠየቂያ ተጥሎባቸዋል። በጁላይ 2020 ደግሞ ገንዘብ እንኳ ሳይጠየቅ «ሚያው» የሚል ቃል እየተጻፈበት ብዙ ዳታ ጠፋ። ከ8ኛው ቨርዥን ወዲህ የይለፍ ቃልና ምስጠራ ገና ሲጫን በርቶ ይመጣል፤ «ያስቸግራል» ብላችሁ አታጥፉት። ተጠቃሚው የሚያገኘው የእናንተን ድረ ገጽ ይሁን፤ ድረ ገጹ ከውስጥ ሆኖ ሰርቨሩን ይጠይቅ። 9200ም ሆነ ሰርቨሮች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት 9300 ወደ ውጭ አይውጡ።

የግድ በውስጥ ኔትወርክ መክፈት ካለባችሁ ደግሞ ሰርቨሩ ወደ ጥብቅ ፍተሻ ይገባና አልነሳም ሊላችሁ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ኔትወርኩ አይደለም። የሊኑክስ የሜሞሪ ማፕ ገደብ በነባሪው 65530 ነው፤ ቢያንስ 262144 መሆን አለበት። በሲስተም ኮንትሮል ፋይሉ ውስጥ ጻፉት፤ በተርሚናል ብቻ ካዘዛችሁት መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ይረሳዋል።

ራም። ሰርቨሩ በነባሪው የማሽኑን ግማሽ ያህል ለራሱ ይወስዳል። ብቻውን ቢኖር ጥሩ ነበር። እኛ ጋ ግን በዚያው ማሽን ላይ ዳታቤዙም፣ ድረ ገጹም፣ አንዳንዴ የፋይል ማጋሪያውም አለ። አራት ጊጋ ከወሰደ ሊኑክስ ሲጨንቀው አንዱን ፕሮግራም ይገድላል፤ የሚገድለውም ብዙ የያዘውን ነው። ስለዚህ ለራሱ የሚወስደውን ራም፣ የሂፕ መጠኑን፣ ራሳችሁ 2 ጊጋ አድርጉት፤ መነሻውም ጣሪያውም እኩል ይሁን። የቀረው ራም ባዶ አይቀመጥም፤ ሊኑክስ የኢንዴክሱን፣ የፍለጋ ማውጫውን፣ ፋይሎች ይይዝበታል፣ ፍለጋውንም የሚያፈጥነው ያ ነው።

አንድ ማሽን ብቻ ካላችሁ የቅጂውን ቁጥር፣ ሬፕሊካውን፣ ዜሮ አድርጉ። ነባሪው 1 ነው፤ ቅጂው ደግሞ ከዋናው ጋር በአንድ ማሽን አይቀመጥም። ስለዚህ የጤና ምልክቱ ለዘላለም ቢጫ ሆኖ ይኖራል። ቢጫ ምን ይጎዳል? ሰው ይለምደዋል። የተለመደ ማስጠንቀቂያ እውነተኛው ችግር በመጣ ቀን አይታይም። ሻርድ፣ ማውጫው የሚከፈልበት ቁራጭ፣ ግን ከ7ኛው ቨርዥን ወዲህ ነባሪው አንድ ነው፤ ለዚህ መጠን አንድ ይበቃል፣ ተዉት።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ፣ ወደ ፊደላችን። እዚህ ላይ ልቆይ ነው፤ ታገሡኝ።

የጎረቤታችንን ከተማ ስም ጻፉ ብላችሁ እዚህ ለተቀመጥነው ሁሉ ወረቀት ብታድሉ ምን ታገኛላችሁ? ሐረር። ሀረር። ሃረር። አንድ ድምፅ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ፣ ስድስቱም በአማርኛ አንድ ድምፅ ይዘዋል። ፀሐይን ውሰዱ። መጀመሪያው በሁለት መንገድ፣ ሁለተኛው በስድስት መንገድ ሊጻፍ ይችላል፤ 12 አጻጻፍ ማለት ነው። ሰነዱን የጻፈው ሽማግሌ በሐመሩ ሐ ጽፎታል፤ ተማሪዋ በስልኳ ላይ የቀረባትን ሀ ነክታለች። ሁለቱም አላጠፉም። ያልተገናኙት በእኛ ቅንብር ምክንያት ነው!

ኢላስቲክሰርች ለዐረብኛ፣ ለሂንዲ፣ ለታይ፣ ለአርመን ሳይቀር የተዘጋጀ መተንተኛ፣ ጽሑፉን ለፍለጋ ወደ ቃላት የሚቆርጥ ክፍል፣ አለው። ለአማርኛ የለውም። ነባሪው ስታንዳርድ መተንተኛ ቃላቱን በትክክል ይቆርጣል፤ አራት ነጥቡንም ሁለት ነጥቡንም ለይቶ ይተዋል። የፊደሎቹን ዝምድና ግን አያውቅም። እኛ እናስተምረው።

ማስተማሪያው ቃል ከመቆረጡ በፊት የሚሠራ የፊደል መተኪያ ነው፤ ማፒንግ ካራክተር ፊልተር ይባላል። በውስጡ የምትጽፉትን ቁጠሩ፦ የሐ ዘር ሰባት፣ የኀ ዘር ሰባት፣ ሁሉም ወደ ሀ ዘር። የሠ ዘር ሰባት ወደ ሰ። የዐ ዘር ሰባት ወደ አ። የፀ ዘር ሰባት ወደ ጸ። እነዚህ 35 ናቸው። ከዚያ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ፤ 37። ሓ እና ኃም ወደ ሀ፣ ዓም ወደ አ መውረዳቸውን አረጋግጡ፤ አራተኛውን ከአራተኛ ጋር ብቻ ያገናኘ ሰው ዓለምን ከአለም ጋር ሳያገናኝ ይቀራል። ሧን ወደ ሷ ጨምሩ፤ 38 መስመር። በአንድ ቁጭታ ይጠናቀቃል።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ ተገቢም ነው። «ፊደላችንን ልታጠፉብን ነው ወይ?» አይደለም። የተለወጠው ፊደል ያለው ከኋላ፣ ማውጫው ውስጥ ብቻ ነው፤ ሰነዱ ራሱ እንደተጻፈ ይቀመጣል፣ እንደተጻፈም ይታያል። ሆኖም ፊደሉ ትርጉም የሚለይበት ቦታ አለ። ድኅነትና ድህነት አንድ ናቸው? አንዱ መዳን ነው፣ አንዱ ማጣት ነው። ሠረቀና ሰረቀ አንድ ናቸው? አንዱ ለፀሐይ ነው፣ አንዱ ለሌባ ነው። ስለዚህ ያንኑ ጽሑፍ በሁለት መልክ አስቀምጡት፦ አንዱ ፊደሉ ሳይነካ፣ ሌላው ፊደሉ ተስተካክሎ። ሲፈለግ ሁለቱም ይጠየቁ፤ ያልተነካው ክብደቱ 4፣ የተስተካከለው 2 ይሁን። ድኅነት ብሎ በኅ የጻፈ ሰው ድኅነትን ከላይ ያገኛል፤ ሌላውም ከሥር ይከተላል። ማንም ባዶ እጁን አይመለስም።

ቀጥሎ አጽሕሮተ ቃላት። ት/ቤት፣ ጽ/ቤት፣ ፍ/ቤት፣ መ/ቤት፣ ም/ቤት። መዝገብ ቤት ውስጥ የምትሠሩ ይህ የዕለት እንጀራችሁ ነው። ስታንዳርድ መተንተኛው በእዝባሩ ላይ ይቆርጠዋል፤ ጽ/ቤት «ጽ» እና «ቤት» ይሆናል። ከዚያ ጽሕፈት ቤት ብሎ የፈለገ ሰው በ«ቤት» ብቻ የተገናኙ ሺህ ሰነዶች ይዘረገፉበታል። መፍትሔው ሁለተኛ መተኪያ ነው፤ አጽሕሮቱን ወደ ሙሉ ቃሉ የሚፈታ።

ልብ በሉ፣ ሁለተኛ አልኩ እንጂ እዚያው ውስጥ ጨምሩ አላልኩም። ይህ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። መተኪያው አንድን ቦታ አንዴ ብቻ ይነካል፤ የተካውን ተመልሶ አያይም። ጽ/ቤትን ወደ «ጽሕፈት ቤት» ብትፈቱ እና ሐን የሚያስተካክለው እዚያው ፊልተር ውስጥ ቢሆን፣ የወጣችው ሕ ሳትስተካከል ታልፋለች። ፍለጋውም ይከሽፋል፤ ለምን እንደከሸፈ ለማወቅ ሁለት ቀን ይፈጅባችኋል። ስለዚህ መጀመሪያ ፊደል ይስተካከል፣ ቀጥሎ አጽሕሮት ይፈታ፤ የአጽሕሮቱ ዝርዝርም በተስተካከለው ፊደል ይጻፍ፦ ጽ/ቤት ወደ «ጽህፈት ቤት»፣ በህ። እንዲህ ከሆነ በፀሐዩ ፅ «ፅ/ቤት» ብሎ የጻፈውም በዚያችው አንድ መስመር ይፈታል። «ዓ.ም»ንም አትርሱ፤ በነጥብ ሲጻፍ አንድ ቃል ሆኖ ይቀራል፣ በእዝባር ሲጻፍ ለሁለት ይቆረጣል። ሁለቱንም ወደ «አም» አምጧቸው።

የራሳችንን ከተማስ? ድሬዳዋ፣ ድሬ ዳዋ፣ ድሬደዋ። አንዱ ያጣብቃል፣ አንዱ ይለያያል። በዚሁ ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ሁሉንም ወደ «ድሬዳዋ» አድርጉ። በመካከሉ ያለው ክፍት ቦታ አያስቸግርም፤ መተኪያው የሚሠራው ቃሉ ሳይቆረጥ ነው። የሐረሩ ግንብ ስም፣ ጀጎልና ጁገልም እንዲሁ።

በዚህ ከተማ የሚፈለገው በአማርኛ ብቻ አይደለም። አፋን ኦሮሞ አለ፣ ሶማሊኛ አለ። በላቲን ለሚጻፉት የእንግሊዝኛውን መተንተኛ አትስጧቸው፤ የማያውቀውን ቃል ጅራት ይቆርጣል። ለኦሮምኛው አንዲት መስመር ጨምሩ፦ ሁዻው፣ ያቺ በቃሉ መካከል የምትገባ ጭረት፣ በኮምፒውተር ቀጥ ያለች፣ በስልክ ደግሞ የጎበጠች ሆና ትጻፋለች። የጎበጠችውን ወደ ቀጥተኛዋ አምጧት። ይህ ካልተደረገ ያው ቃል ሁለት ይሆናል።

ከፊደል ወደ ቃል እንለፍ። ድሬዳዋ ብሎ የፈለገ ሰው «የድሬዳዋ» የሚለውን ያገኛል? «በድሬዳዋ»ን፣ «ከድሬዳዋ»ን? በነባሪው አያገኝም። ስለዚህ ሦስተኛ መልክ አዘጋጁ፤ የመነሻ ፊደሎቹን የ፣ በ፣ ከ እና ለ የሚገፍፍ፣ ክብደቱ 1 የሆነ።

ግን በጥንቃቄ! ከ ያለበትን ሁሉ ብትገፉት ሰፈራችን ከዚራ ምን ይሆናል? «ዚራ»። ከተማ «ተማ» ይሆናል። ከሐረር አምስት በሮች የሸዋ በርንም፣ የኤረር በርንም ብትፈልጉ፣ «በር» ራሱ «ር» ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ደንቡ ይህ ይሁን፦ ከተገፈፈ በኋላ ቢያንስ ሦስት ፊደል ካልቀረ አይገፈፍ። የሐረር ሲገፈፍ ሦስት ይቀረዋል፣ ይገፈፋል። ከዚራ፣ ከተማ፣ በር፣ የመን ይድናሉ። በርበሬ ግን አትድንም፤ አራት ፊደል ናት፣ «ርበሬ» ትሆናለች፣ «የበርበሬ» ከሚለው ጋርም አትገናኝም። ለእንዲህ ዓይነቶቹ ከመግፈፉ በፊት የሚታይ የማይነኩ ቃላት ዝርዝር በዚያው ደንብ ውስጥ አስገቡ፦ በርበሬ፣ ከተማ፣ በረሀ፣ ለውጥ። ከተማን የጨመርኳት ለ«ከተማችን» ስል ነው። ዝርዝሩን ከራሳችሁ ሰነድ አውጡት፤ ሃምሳ ቃል ቢሆን ብዙ ነው። የመጨረሻዎቹን ን እና ም ለጊዜው ተዉአቸው፤ መስከረምን «መስከረ» ከማድረግ መታገሥ ይሻላል።

በዚሁ ላይ የፊደል ስሕተትን የሚታገሠው ቅንብር፣ ፈዚነስ የሚባለው፣ ነባሪው ለእኛ አይሆንም። ለምን? «አውቶ» ስትሉት ከ3 እስከ 5 ፊደል ላለው ቃል አንድ ስሕተት፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ሁለት ስሕተት ይፈቅዳል። በላቲን አምስት ፊደል ትንሽ ቃል ነው። በእኛ ግን አንዱ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም ይዟል፤ ሦስት ፊደል ሙሉ ቃል ነው። ሀረር። አንድ ፊደል ለውጡ፤ ሀገር። ሌላውን ለውጡ፤ ሀረግ። ስለ ሐረር የጠየቀች ልጅ ስለ ሀገርና ስለ ሐረግ ሰነድ ይወርድባታል! ወሰኑን ወደ 5 እና 9 ከፍ አድርጉት፤ ከ5 ፊደል በታች ስሕተት አይፈቀድ፣ ከ5 እስከ 8 አንድ፣ ከ9 ጀምሮ ሁለት። ሚሊሰርች የሚባለውን ቀለል ያለ ሰርቨር የመረጣችሁ፣ የእሱ ነባሪ ራሱ 5 እና 9 ነውና አትንኩት። የመጀመሪያዋ ፊደል ደግሞ ሁልጊዜ ትክክል ትሁን፤ ፕሪፊክስ ሌንግዝ የሚባለውን 1 አድርጉት። ድሬዳዋ አራት ፊደል ስለሆነ በዚህ ደንብ አይታገዝም፤ ድሬደዋን በዝርዝሩ ያስገባሁት ለዚህ ነበር።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ቀን። ያችን 13ኛ ወር ቃል ገብቼላችሁ ነበር።

ሰርቨሩ አዲስ መስክ ሲያይ ዓይነቱን ራሱ ይገምታል። «2016-01-15» የሚል ጽሑፍ ካየ «ይህ ቀን ነው» ይልና በዚያው ይጸናል። ቀን ሲል ግን የፈረንጁን ነው። አሁን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ የደብዳቤ መዝገብ አስገቡ። ጥቅምት 15 ይገባል። ጥቅምት 30 ሲደርስስ? «2016-02-30»። ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን በዓለም የለም! ሰነዱን አልቀበልም ይላል። ቀኑን ብቻ ቢጥል ደግ ነበር፤ የሚጥለው ሰነዱን በሙሉ ነው። ጳጉሜን 3ስ? «2016-13-03»። ወር 13 የለም፤ ይጣላል።

ከዚህም የከፋ አለ። በጅምላ ስታስገቡ፣ በበልክ፣ አንዳንዱ ሰነድ ቢጣልም ሰርቨሩ የሚመልሰው ቁጥር 200 ነው፤ ተሳክቷል ማለት። የተጣሉት በመልሱ ውስጥ ተዘርዝረዋል፣ «ኤረርስ» የምትለው መስክም እውነት ብላ ቆማለች፤ ስክሪፕታችሁ ግን 200ን አይቶ «ተጠናቀቀ» ይላል። ከዓመት በኋላ አንድ ባለጉዳይ ይመጣል። ደብዳቤው በጥቅምት መጨረሻ የተጻፈ ነው። ወይ በጳጉሜን። መዝገቡ ላይ አለ፣ ፍለጋው ላይ የለም። ሠራተኛዋ ሦስት ጊዜ ፈልጋ «አልመጣም» ትለዋለች። ይህ ሰው ምን አጠፋ?

ስለዚህ እነዚህን አድርጉ። የቀን ግምቱን፣ ዴት ዲቴክሽኑን፣ ዝጉ። መስኮቹን ሁሉ አስቀድማችሁ በስም ዘርዝሩና ዳይናሚክ የሚባለውን «ስትሪክት» አድርጉት፤ ያላወቀው መስክ ሲመጣ ከመገመት ይልቅ ይጩህ። የኢትዮጵያውን ቀን በሦስት ቁጥር መስኮች አስቀምጡት፦ ዓመት፣ ወር፣ ቀን። የተቀየረውን የፈረንጅ ቀን በሌላ መስክ ጨምሩ፤ በጊዜ ቅደም ተከተል ለመደርደር ይጠቅማል። ሲቀየር 7 ወይም 8 ዓመት መደመር አይበቃም። መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12, 2023 ነበር፤ መስከረም 1 ቀን 2017 ግን ሴፕቴምበር 11, 2024። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የ2015ቷ ስድስተኛዋ ጳጉሜን ናት። የተፈተነ መቀየሪያ ተጠቀሙ። የበልኩን መልስም ሁልጊዜ አንብቡ፤ የተጣለ ካለ ስክሪፕቱ ይቁም።

አራተኛው፣ ጥያቄው እንዴት ይመዘን? በአጭሩ። ነባሪው ከተጻፉት ቃላት አንዱ ከተገኘ ይበቃል ይላል። «የባቡር ጣቢያ ታሪክ» ስትሉት ታሪክ ያለበት ሁሉ ይመጣል። «ሁሉም ይኑር» ካላችሁት ደግሞ አንዲት ቃል ስትበዛ ባዶ ገጽ ይመለሳል። መካከለኛው እንዲህ ይጻፋል፦ እስከ 2 ቃል ከሆነ ሁሉም፣ ከዚያ ከበለጠ 75 በመቶ። ሦስት ቃል ላይ ሁለቱ፣ አራት ቃል ላይ ሦስቱ መገኘት አለባቸው ማለት ነው፤ ክፍልፋዩ ወደ ታች ይጣላል። በገጽ 10 ውጤት የሚለውን ነባሪ ተዉት፤ በስልክ ዳታ ለሚጠቀም ሰው ልኩ ነው። ሙሉውን ሰነድ ግን ከውጤቱ ጋር አትላኩ፤ ርእሱና ቅንጭቡ ይበቃል። አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ነው፤ የተማሪውን ገንዘብ አስቡ።

የመጨረሻው ነጥብ፣ መብራትና ዲስክ።

ሰርቨሩ እያንዳንዱን ጽሑፍ ዲስክ ላይ ማስፈሩን ሳያረጋግጥ «ተቀብያለሁ» አይልም። ይህ ነባሪ ነው፤ ትራንስሎግ ዱራቢሊቲ ይባላል፣ «ሪኩዌስት» ላይ ተቀምጦ ይመጣል። ለማፍጠን ሲባል «ኤሲንክ» አድርጉት የሚል ምክር ታነባላችሁ። ያኔ በየ5 ሴኮንዱ ብቻ ይጽፋል፤ መብራት በመካከሉ ከጠፋ የዚያ ጊዜ ጽሑፍ ይሄዳል። መብራት በማይጠፋበት ሀገር ይህ ንግድ ያዋጣ ይሆናል። እዚህ አያዋጣም። ፍጥነት ከፈለጋችሁ ሪፍሬሽ የሚባለውን ከ1 ሴኮንድ ወደ 30 ሴኮንድ አድርጉት፤ አዲስ ሰነድ ለመታየት ግማሽ ደቂቃ ቢዘገይ ማንም አይጎዳም፣ ማሽኑም በድሬ ሙቀት ያርፋል። ዩፒኤስ ካላችሁ ደግሞ በገመድ ከማሽኑ ጋር አገናኙትና ባትሪው ሲያልቅ ሰርቨሩ በሥርዓት እንዲዘጋ አድርጉ። ብዙ ቦታ ዩፒኤሱ አለ፣ ገመዱ ግን ካርቶኑ ውስጥ ነው።

ዲስኩ 95 በመቶ ሲሞላ ሰርቨሩ ማውጫውን ለንባብ ብቻ ይቆልፈዋል። በ240 ጊጋ ዲስክ 12 ጊጋ ሲቀር ማለት ነው። ፍለጋው ይሠራል፣ የድሮው ሰነድ ይገኛል፣ ስለዚህ ማንም አይጠራጠርም፤ አዲስ የሚገባ ሰነድ ግን የለም። ዲስኩን የሚሞላው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፍለጋው አይደለም፤ የሌላ ፕሮግራም ሎግ ነው፣ ወይም ሰው ያስቀመጠው ቪዲዮ። ገደቡን አታንሱ፤ ይልቅ የሰርቨሩን ዳታ በተለየ ፓርቲሽን አስቀምጡ። 80 በመቶ ሲደርስ መልእክት የሚልክ አጭር ስክሪፕትም ይኑራችሁ።

መጠባበቂያ። እየሠራ ያለ ሰርቨር የዳታ ፎልደር መቅዳት መጠባበቂያ አይሆንም፤ ሲመለስ ላይነሣ ይችላል። ስናፕሾት፣ ሰርቨሩ ራሱ የሚያዘጋጀውን ቅጂ፣ ተጠቀሙ። መቼ ይሁን? በየመመሪያው የምታነቡት «ሌሊት» ነው። እስቲ አስቡ፤ ስንቶቻችሁ መሥሪያ ቤት ማታ ሲወጡ ማብሪያውን ይነቅላሉ? በዚያ ሰዓት ማሽኑ ጠፍቶ ከሆነ ያ ቀን ያለ መጠባበቂያ ያልፋል። የድሬ ጸጥታ ያለው እኩለ ቀን ላይ ነው። ሱቁ ተዘግቶ፣ ሰው ምሳውን በልቶ ጥላ ሲይዝ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት። ማሽኑ በርቷል፣ የሚፈልግም የለም። መርሐ ግብሩ የሚያነበው ግን የዓለም አቀፉን ሰዓት ነው፤ እኛ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። የእኛ ከቀኑ 8 በፈረንጁ 14 ሰዓት ነው፣ በመርሐ ግብሩ 11 ብላችሁ ትጽፉታላችሁ። 8 ብላችሁ ብትጽፉ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ፣ ሰው በሚበዛበት ሰዓት ይነሣል።

ቅጂውም እዚያው ጠረጴዛ ላይ አይደር። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ያደረገውን ይህ ከተማ አይረሳም። ከወንዙ በዚህኛው ማዶ ያለ መሥሪያ ቤት ቅጂውን በዚያኛው ማዶ ያኑር። ሐረር ወዳጅ ያለው ሐረር ይላክ።

ከመበተናችን በፊት አንድ ነገር አብረን እናድርግ። ሲገባ የታደላችሁን ወረቀት አውጡ። ተጠቃሚዎቻችሁ በእርግጥ የሚፈልጓቸውን 20 ቃላት ጻፉ፤ እናንተ ትክክል ነው በምትሉት አጻጻፍ ሳይሆን እነሱ በስልክ እንደሚጽፉት። ከእያንዳንዱ ጎን መገኘት ያለበትን ሰነድ ርእስ አስቀምጡ። ነገ ጠዋት አንድ በአንድ ሞክሩና የጠፋውን አክብቡ። ያከበባችሁትን ቃል አናላይዝ በሚባለው ትእዛዝ ስጡት፤ ሰርቨሩ ቃሉን በምን መልክ እንደያዘው ፊደል በፊደል ያሳያችኋል። ቅንብሩን ስታስተካክሉ የድሮው ማውጫ አብሮ አይታረምም፤ አዲስ ማውጫ ከፍታችሁ ሰነዶቹን እንደገና ማስገባት አለባችሁ። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የማውጫችሁን ስም በቁጥር ጨርሱት፣ ድረ ገጹ ግን በቅጽል ስሙ፣ በአሊያሱ ይጥራው። አዲሱ ሲሞላ ቅጽል ስሙን ታዛውራላችሁ፤ ፈላጊው ምንም አያውቅም።

አምስት ደቂቃ አለን፤ ጻፉ። የመጀመሪያውን ቃል እኔ ልስጣችሁ፦ ሃረር፣ በሃ።